ቲኬቱ መሳቢያ ውስጥ አይደር

ግልጽ ደብዳቤ፤ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ለምትገኙ የእድር ሰብሳቢዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችና የአሽከርካሪ ማኅበራት



ሰው ሲሞትብን ቀድማችሁ የምትደርሱ፣ አስከሬን አገር ቤት የምትሸኙ፣ የታመመ የምትጠይቁ እናንተ ናችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ስለሚመስል ጉዳይ ነው፤ ስለ ትራፊክ ቲኬት። ያነሰ የሚመስለው ወረቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። ከመካከላችን ታክሲ የሚነዳው፣ ኡበርና ሊፍት የሚሠራው፣ የጭነት መኪና ይዞ ስቴት የሚያቋርጠው፣ ሌሊት ሆስፒታል ሠርታ ጎህ ሲቀድ የምትመለሰዋ፣ ሁሉም እንጀራቸው በመንጃ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ላይሰንስ ሲታገድ የቤት ኪራይ ይጎድላል፤ አገር ቤት ያለች እናት የምትጠብቀው ገንዘብም ይቀራል።

ልመናዬን አስቀድሜ ልናገር። ከእሑድ ቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያነብ አንድ ወጣት አስቀምጡልን። ቲኬት የተሰጠው ሰው ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ የክሱን መዝገብ ራሱ በዓይኑ እንዲያይ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ቲኬት ሲሰጠን የምናደርገውን ስለማውቅ ነው። አንዳንዱ በዚያው ሳምንት ገንዘቡን ልኮ “ተገላገልኩ” ይላል። ሌላው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ላለማየት ይጥራል። ሁለቱንም የሚያደርጋቸው ያው የፍርድ ቤት ፍርሃት ነው። ያደግነው የፍርድ ቤት ደጅ አለመርገጥ ጨዋነት በሆነበት አገር ነው፤ ተከሶ መቆም የጠበኛና የአጭበርባሪ ዕጣ ነበር። እዚህ ግን ፖሊሱ ወረቀቱን ቆርጦ ሲሰጠን ክሱ ተከፍቷል። ስማችን መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ብዙ ጊዜም የቀጠሮው ቀንና ሰዓት አብሮ ተጽፏል። አሁን በእጃችን ያለው ምርጫ ጉዳዩ እያወቅነው ይለቅ ወይስ ሳናውቀው ይለቅ የሚለው ብቻ ነው።

ከቨርጂኒያ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነውና። ሰመንስ የሚባለው ወረቀት ላይ መፈረም ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ጉዳዬን በተባለው ቀን እከታተላለሁ ብሎ ቃል መግባት ነው። ጉዳዩ የሚታየው በየካውንቲውና በየከተማው ባለው ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት ነው። ቀላል ጥሰት ከሆነ ከቀጠሮው በፊት ከፍሎ መጨረስ ይፈቀዳል፤ ሆኖም መክፈል ማለት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መዝገቡን መዝጋት ነው። ይህን ሳያውቁ የሚከፍሉ ስንቶች ናቸው! ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ፖይንቱ በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ በዲኤምቪ፣ ይመዘገባል። ከፍጥነት ገደቡ እስከ 9 ማይል ላለፈ 3 ፖይንት፣ ከ10 እስከ 19 ማይል ላለፈ 4 ፖይንት ይያዝበታል፤ ፖይንቱም ሁለት ዓመት ይቆያል። ኢንሹራንስ ኩባንያውም መዝገቡን አይቶ ክፍያ ሊጨምር ይችላል። ሃያ ደቂቃ ችሎት ፊት ላለመቆም የተከፈለው ገንዘብ በየወሩ ሲከፈል ይኖራል።

ከዚህ የሚከፋው ረክለስ ድራይቪንግ የሚባለው ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ከተጻፈው ገደብ 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ጥሰት መሆኑ ያበቃል፤ ወንጀል ነው። ቤልትዌይ ላይ 55 በተጻፈበት 75 የሄደ ሰው እዚያ ውስጥ ገብቷል። ወደ ሪችመንድ ሲወርድ 70 በተፈቀደበት በ86 የሄደም እንዲሁ ነው፤ አሥራ ስድስት ማይል ብቻ ነው ያለፍኩት ቢል አያድነውም። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ፣ መንጃ ፈቃድም እስከ ስድስት ወር ሊታገድ ይችላል። 6 ፖይንት ይይዛል፤ በዲኤምቪ መዝገብ ላይ ደግሞ 11 ዓመት ይቀመጣል። ይህን ክስ በኢንተርኔት ከፍሎ መገላገል አይቻልም፤ ችሎት መቅረብ ግዴታ ነው፤ ያልቀረበ ሰው የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣበት ይችላል። ለተራ ፍጥነት ጠበቃ መያዝ አለመያዝ የየሰው ውሳኔ ነው። ለረክለስ ግን፣ ገንዘብ ተበድሮም ቢሆን፣ ጠበቃ ሳያማክሩ ችሎት መግባት አልመክርም። ወረቀቱ ላይ ያለውን የክስ ስም አንብቦ ይህን ከዚያ የሚለይ ሰው አጠገቡ የሌለው ወገናችን ግን ሁለቱንም “ቲኬት” ብሎ ያልፋቸዋል።

አባቶቼ ካህናትና ሼሆች፣ እዚህ ላይ የእናንተ ቃል ከጠበቃም በላይ ያስፈልገናል። ዳኛው “ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?” ብለው ሲጠይቁ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ይጨነቃል። ትንሽ ፈጥኜ ነበር መሰለኝ ብሎ ያስባል፤ ጥፋተኛ አይደለሁም ማለት በዳኛ ፊት መዋሸት ይመስለዋል። ይህ የሚያስመሰግን ሕሊና ነው፤ ግን ነገሩን ከሌላ ነገር ጋር አደባልቆታል። በአሜሪካ ችሎት “ጥፋተኛ አይደለሁም” የሚለው መልስ ስለ እውነት የሚሰጥ ምስክርነት አይደለም፤ ከሳሽ ማስረጃውን ያቅርብ ብሎ መጠየቅ ነው። መሐላ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሰውየው ልመስክር ካለ ነው፤ ያኔ እውነቱን መናገር ግዴታው ነው፤ መዋሸትም ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ወንጀል ይሆናል። ጥፋቱን ማመን የሚፈልግም ሰው ቢሆን፣ ከመክፈያ ገጽ ይልቅ ችሎት ቀርቦ ቢያምን የተሻለ ይሆንለታል፤ ለዓመታት ያለ ጥፋት መንዳቱን ዳኛው ፊት ማስረዳት ይችላል። ዳኛ ክሱን ዝቅ ሲያደርጉ፣ ወይም የስምንት ሰዓት የመንዳት ትምህርት ወስደህ ና ሲሉ አይቻለሁ። ወረቀቱን ልኮ ለከፈለ ሰው ይህ ሁሉ የለም። እባካችሁ ይህን ከመድረክ ንገሩልን፤ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ሰው ይሰማዋል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች የክስ መረጃ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶችም ኬስ ሰርች የሚባል ነጻ መፈለጊያ አላቸው። መዝገቡ ውስጥ የክሱ ዓይነት፣ የቀጠሮው ቀንና ሰዓት፣ ችሎቱ፣ የከሳሹ ፖሊስ ስም፣ ኋላም ውሳኔውና የቅጣቱ መጠን ይገኛል። ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቲኬት በተሰጠን በጥቂት ቀናት ከማናውቃቸው ጠበቆች ደብዳቤ የሚጎርፍልን ከዚሁ መዝገብ ስማችንን አንብበው ነው። የማናውቃቸው ሰዎች ያነበቡትን የራሳችንን ጉዳይ እኛ ሳናነብ መቅረታችን ያሳዝነኛል።

መፈለጉ ግን ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም፤ ሌላው ሕዝብ የማያጋጥመው እንቅፋት አለብን። የመጀመሪያው ስማችን ነው። መፈለጊያው መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስን ስም ይጠይቃል። የእኛ የቤተሰብ ስም እንደ ቪዛው አሞላል የአባት ወይም የአያት ስም ሊሆን ይችላል። ገብረማርያም፣ ወልደሚካኤል፣ ኃይለሥላሴ ዓይነት ስም ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የመካከለኛ ስም ሆኖ ይገባል። ጸሐይ የምትባል እኅት ስሟ በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ፖሊሱ ደግሞ በሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን ነው የጻፈው። “ስሜ የለም፣ ተሰርዟል” ብለው ተደስተው የሄዱና በሌላ አጻጻፍ ሲፈለግ መዝገባቸው የተገኘ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት በወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ነው። በስም ሲሆን ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ላይ ባለው አጻጻፍ፣ ቀጥሎም ሊሳሳት በሚችልበት አጻጻፍ ሁሉ። ስሙ የሚመስል የሌላ ሰው መዝገብ ተገኝቶ ከንቱ ድንጋጤ እንዳይመጣም የክሱን ቀንና ቦታ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቦታው ነው። የቨርጂኒያ መፈለጊያ አስቀድሞ ፍርድ ቤቱን ሊያስመርጥ ይችላል። በዚያ ስቴት ከተማ ከካውንቲ የተለየ መንግሥት ነው፤ ይህን ብዙ የቆየ ሰው እንኳ አያውቀውም። ስካይላይን ወይም ሰቨን ኮርነርስ አካባቢ የሚኖር ሰው የፖስታ አድራሻው ፎልስ ቸርች ይላል፤ የሚኖረው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚል አድራሻ ያለው ብዙ ሰፈርም እንዲሁ ፌርፋክስ ነው። በአድራሻው ከተማ መርጦ የፈለገ ሰው ባዶ ገጽ ያገኛል፤ ሌላ ሕንፃ ሄዶ ሲሰለፍም የቀጠሮው ሰዓት ያልፋል። መታመን ያለበት ሰመንሱ ላይ የተጻፈው የፍርድ ቤት ስምና አድራሻ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቀኑ ነው፤ ይህ የሚያስቆጨኝ ነው። አሜሪካ ወርን አስቀድማ ትጽፋለች፤ እኛ ደግሞ ቀንን ማስቀደም ለምደናል። 07/08 የሚለው ጁላይ 8 ሆኖ ሳለ፣ ኦገስት 7 ነው ብሎ የጠበቀ ሰው ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ሰዓቱም አለ፤ 9፡30 ለእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ለእናቶቻችን ሲነገራቸው በአማርኛ ሰዓት ይነገራቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የወሩ ስም ታይቶ በትልቁ ተጽፎ ቢሰጣቸው፣ በዚያ ቀን ችሎት ሳይቀርብ የሚቀር ሰው ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሌላ የአድራሻ ነገርም አለ፤ በቨርጂኒያ ቤት የቀየረ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ ማሳወቅ አለበት፤ በሜሪላንድም ሕጉ እንዲሁ ነው። ደብዳቤ በድሮ አድራሻ ስለሄደ አላወቅኩም ማለት ከቅጣት አያድንም።

ሜሪላንድ ላይ አካሄዱ ይለያል። ሊከፈል የሚችል ቲኬት የተሰጠው ሰው 30 ቀን አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ይከፍላል፣ ወይም ጥፋቱን ተቀብሎ ምክንያቱን ለዳኛ ለማስረዳት ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ወይም ሙሉ ችሎት ይጠይቃል። ከ2011 ጀምሮ ቀጠሮው ራሱ አይመጣም፤ ጠያቂው አሽከርካሪው ነው። ቨርጂኒያ ኖሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የተዛወረ ሰው “ቀጠሮ ይላኩልኛል” ብሎ ሲጠብቅ 30 ቀኑ ያልቃል፤ ዝም ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። የሜሪላንድ ዳኛ ጥፋተኛነቱን ሳይመዘግቡ በፈተና ጊዜ ሊለቁትም ይችላሉ፤ ፒቢጄ የሚሉት ይህ ነው፤ ያን ጊዜ ፖይንት አይያዝበትም። ይህን ዕድል የሚያገኘው ችሎት የቀረበ ነው።

ዲሲ ውስጥ ደግሞ ተራ የትራፊክና የካሜራ ቲኬት ፍርድ ቤት አይሄድም፤ የሚታየው በዲሲ ዲኤምቪ ነው። ስለዚህ በፍርድ ቤት መዝገብ ፈልጎ ማጣት ነጻ መሆን አይደለም። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሰሌዳ ስላለኝ አይነኩኝም የሚል ወሬ በመካከላችን አለ፤ የከተማዋ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሌላ ስቴት አሽከርካሪዎችን መክሰስ ጀምሯልና ይህ ወሬ ይቁም። የሦስቱ አካባቢዎች የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቶችም ስለ ጥፋት መረጃ ይለዋወጣሉ።

የጭነት መኪና ለሚነዱ ወንድሞች አንድ ነገር ለይቼ ልናገር። ሲዲኤል በሚባለው የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ሕግ በሦስት ዓመት ውስጥ በጭነት መኪና ላይ ሁለት ከባድ ጥሰት የተፈረደበት ሰው ቢያንስ 60 ቀን፣ ሦስት የተፈረደበት 120 ቀን ከሥራ ይታገዳል። ከገደብ 15 ማይል አልፎ መሄድ፣ አለአግባብ መስመር መቀየር፣ የፊተኛውን መኪና ተጠግቶ መከተል ሁሉ ከባድ ከተባሉት ውስጥ ናቸው። በፌዴራል ደንብ ሲዲኤል ላለው ሰው፣ የግል መኪናውን ሲነዳ ቢያዝ እንኳ፣ ዳኛው ትምህርት ተከታተልና መዝገቡ ይሰረዝልህ ሊሉ አይችሉም። ስለዚህ ለሌላው የሚሠራው ምክር ለእነሱ አይሠራም። በመቶ ሺሕ ዶላር ዕዳ መኪና ገዝቶ ለሚሠራ ሰው የ60 ቀን እገዳ ማለት መኪናውን ማጣት ሊሆን ይችላል፤ ገና የመጀመሪያውን ጥሰት ሲያገኝ ስለ ሁለተኛው ማሰብ አለበት።

ዜግነት የሚጠባበቁትንም አስቡልኝ። የኤን-400 ቅጽ ከዚህ በፊት ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ብሎ ሲጠይቅ ቲኬትንም ይመለከታል። መታሰር ላልነበረበት፣ ቅጣቱም ከ500 ዶላር በታች ወይም ፖይንት ብቻ ለሆነ ተራ ጥሰት ማስረጃ ማያያዝ አያስፈልግም፤ አልኮልና ዕፅ ያለበት ግን ከዚህ ውጪ ነው። ረክለስ ወንጀል ስለሆነ የተፈረደበትም የተለቀቀም ሰው ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ አውጥቶ ያስቀምጥ። ቃለ መጠይቁ ሲደርስ መሯሯጥ ጭንቀት ነው፤ መዝገቡም በጊዜ ብዛት ሊወገድ ይችላል።

የእኛ ሰው እርዳታ ሲፈልግ የሚወድቅበት ወጥመድም አለ። ኢንተርኔት ላይ መዝገብ እናወጣለን ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ የግል ገጾች ሞልተዋል፤ ከላይ የጠቀስኩት መረጃ ግን ነጻ ነው። በ2025 ደግሞ ያልተከፈለ ቲኬት አለብህ፣ ዛሬ ካልከፈልክ ላይሰንስህ ይታገዳል የሚል የስልክ መልእክት ወደ ብዙ ሰው ሲላክ ነበር። ዲኤምቪ እንዲህ አያስፈራራም። መልእክቱን የሚልኩት የባንክ ካርድ ቁጥር የሚሰርቁ ናቸው። ጠረጴዛችሁ ጋ የመጣ ሰው እውነተኛውን መዝገብ ከፍቶ ካየ፣ ሐሰተኛው መልእክት ያን ጊዜ ኃይሉን ያጣል።

ቋንቋ ያልሞላላት እናት ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ችሎት ትገባለች። ይህ ለእናትም ለልጅም ክብር የለውም፤ ልጁ የሕግ ቃል አያውቅም። የአማርኛ አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፤ ግን ቀደም ብሎ ለጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መብቱ ካለ በኋላ አለመጠየቃችን የእኛ ጉድለት ነው።

ዘግይቶ ለመጣም ሰው ተስፋ አለ። በቨርጂኒያ የተፈረደበት በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ በሰርኪት ኮርት እንደ አዲስ ይታያል። ያልቀረበበት በቂ ምክንያት ያለው ሰው በ60 ቀን ውስጥ መዝገቡ እንዲከፈትለት ዳኛውን መጠየቅ ይችላል። ቅጣት መክፈል ባለመቻል ብቻ መንጃ ፈቃድ ማገድም ከ2020 ጀምሮ በቨርጂኒያ ቀርቷል፤ ዕዳው ግን ይቆያል፣ ከስቴት ታክስ ተመላሽ ሊቆረጥ ይችላል፤ በየወሩ መክፈልን ወይም በጉልበት አገልግሎት መተካትን መጠየቅ ይቻላል። በዕዳ ምክንያት ከዓመታት በፊት መንዳት ያቆሙ፣ እገዳው መነሣቱን ሳያውቁ አሁንም በአውቶቡስ የሚሄዱ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነሱም መጥተው መዝገባቸውን ይዩ።

ጥፋት ይሸፈን እያልኩ እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። በፍጥነት የሞቱብንን ልጆች ቀብረናል፤ ፈጥኖ የነዳ ቅጣቱን ይቀበል። የምለምነው ሰው የሚቀበለውን ቅጣት አውቆ እንዲቀበል ነው።

ለጠረጴዛው የሚቀመጠው ወጣት ጠበቃ እንዳልሆነ አስቀድሞ ይናገር፤ እንዲህ በል ወይም እንዲያ ካድ ብሎ አይምከር። ሥራው ቁጥሩን አስገብቶ መዝገቡን ማሳየት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የፍርድ ቤቱን አድራሻ በአማርኛ ጽፎ መስጠት፣ አስተርጓሚ ለመጠየቅ ስልክ መደወል፣ ረክለስ ወይም ሲዲኤል ካየ ወደ ጠበቃ መላክ ይሁን። የማንም መዝገብ በሌላ ሰው ፊት አይከፈት፤ የሰው ስምም ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ሻይ ቤት አይሂድ። ማኅበራችሁ ውስጥ ይህን የሚችሉ ወጣቶች አሉ፤ ጠይቋቸው እንጂ እምቢ አይሏችሁም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ ውስጥ አስገቡልኝ። የምትወስኑበት ቀን ንገሩኝ፤ እኔም ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ከወጣቶቹ ጋር ለመቀመጥ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሰሜን ቨርጂኒያ ነዋሪ